የሞተር ትንፋሽ በሊማሊሞ ዳገት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ መኪና 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ከቆላው ጭነት ይዞ ይህን ዳገት የሚወጣ ሾፌር «መኪናው ትንፋሽ አጠረው» ቢል ቀልድ አይደለም።

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ዐሥራ አምስት ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየር ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። በደባርቅ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 75 እጅ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚሁ ልክ ይቀንሳል።

ይህን ያዩ አንዳንድ ባለመኪናዎች ሰፊ የአየር ቱቦ ገዝተው ያስገጥማሉ። ነገር ግን ቱቦ መንገድ ነው እንጂ ምንጭ አይደለም፤ የሳሳውን አየር አያወፍረውም። እንዲያውም አፉ ወደ ጋለው ሞተር ከዞረ የሚስበው ትኩስ አየር ስለ ሆነ ጉልበቱ ይብስ ይቀንሳል።

ቱርቦ ላለው ሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቱርቦ የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚልክ የደጋውን ጉድለት ይተካል። የታመቀው አየር የሚያልፍበት ጎማ ቱቦ በሙቀትና በዘይት ብዛት ከተሰነጠቀ አየሩ ያፈተልካል፤ የናፍጣ መኪናም ጥቁር ጭስ እየተፋ ይደክማል። በዚህ ጊዜ ጠንካራ የሲልከን ቱቦ መግጠም ተገቢ ነው፤ ዘይት የሚነካው ከሆነ ውስጡ ዘይት በሚችል ሽፋን የተለበጠ ይሁን።

ሲገጠም ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የብረቱ አፍ ከዘይት ይጽዳ፤ ቱቦው እስከ መጨረሻው ይግባ፤ ማጥበቂያው ቀለበት ይጥበቅ፤ ከቺንጋና ከጋለ ብረት ይራቅ። ከማጣሪያው በኋላ ያለው ቱቦ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ያልተጣራ አቧራ ገብቶ ቱርቦውንና ሲሊንደሩን ይበላል።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት መኪና በኃላፊነት የተረከባችሁ ወጣቶች፣ አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ከመፈረማችሁ በፊት «ማጣሪያው ጸድቷልን? የሚያፈተልክ ቱቦ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። በጠመዝማዛ ዳገት ላይ ጉልበት የከዳው መኪና የሚያጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትም ጭምር ነው።