በ11 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በደቦ ዳግም ተሠራ
ኩባንያው ፈርሷል፣ ገዢውም ተሽጧል፤ ሥራው ግን ደሞዝ በሌላቸው ሰዎች እጅ ቀጥሏል

በኦገስት 2001 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእጅ ኮምፒዩተር አምራቹ የአሜሪካ ኩባንያ ፓልም፣ «ቢ» የተባለውን የካሊፎርኒያ የሶፍትዌር ኩባንያ ንብረትና ቴክኖሎጂ በ11 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ክፍያውም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በፓልም አክሲዮን የሚታሰብ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት አፕልን ከሚያህል ኩባንያ ጋር በመቶ ሚሊዮን ዶላር ደረጃ ሲደራደር ለነበረው ቢ፣ ይህ የመጨረሻ ዋጋው ሆነ።

ገዢው የሚፈልገውን ወሰደ። የኩባንያው ዋና ምርት የነበረው ቢኦኤስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ከገበያ ወጣ። በዚያው ወር የምርቱ ወዳጆች የሆኑ ጥቂት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ተሰባስበው፣ ኩባንያው የተወውን እኛው እንደ አዲስ እንሠራዋለን ብለው ተነሱ። ደሞዝ የለ፣ ቢሮ የለ፣ የቀድሞው ፕሮግራም ዋና ጽሑፍም በእጃቸው የለ። ዛሬ «ሃይኩ» በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው ሥራ በሴፕቴምበር 2024 አምስተኛውን የቤታ ማለትም የሙከራ እትሙን አውጥቷል። ጉዳዩ የዋጋ፣ የባለቤትነትና የጊዜ ጉዳይ በመሆኑ ነጋዴም ሆነ ባለአክሲዮን የሚማርበት ነገር አያጣም።

ሳይቆረጥ የቀረው ዋጋ

ቢ የተቋቋመው በ1990 ሲሆን፣ መሥራቹም ቀደም ሲል በአፕል ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ፈረንሳዊው ሚስተር ዣን ሉዊ ጋሴ ናቸው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተናግደው ዋና ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስ የዚህ ዓይነት ነው። ቢ ደግሞ በድምፅና በተንቀሳቃሽ ምስል ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሚሆን ፈጣን ሲስተም ለማቅረብ ተነሳ። በ1995 ሁለት ፕሮሰሰር ያለው «ቢቦክስ» የተባለ የራሱን ኮምፒዩተር ለገበያ አወጣ፤ ይሁንና ከ2,000 ያነሰ ብቻ ተሠርቶ በ1997 መጀመሪያ ላይ ምርቱ ቆመ።

በ1996 አፕል የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አርጅቶበት ተተኪ ሲያፈላልግ ዓይኑ ቢ ላይ አረፈ። ድርድሩ ተጀመረ፤ ሁለቱ ወገኖች ግን በዋጋ ሊስማሙ አልቻሉም። በዲሴምበር 1996 አፕል ፊቱን አዙሮ የስቲቭ ጆብስን ኩባንያ ኔክስትን ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ። ዛሬ የአፕል ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚሠሩበት ሲስተም መሠረቱ ያ ከኔክስት የተገዛው ነው። ገዢ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ የተጠራ ዋጋ፣ ገዢው ሌላ ሱቅ ከገባ በኋላ ዋጋ መሆኑ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ቢ በ1998 ምርቱን በኢንቴል ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲሠራ አደረገ፤ በጁላይ 1999ም አንዱን አክሲዮን በ6 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ቢሆንም የኮምፒዩተር አምራቾች ቢኦኤስን ከዊንዶውስ ጎን ጭነው እንዲሸጡለት ያደረገው ጥረት አልሰመረም። ማይክሮሶፍት ከአምራቾቹ ጋር ባለው ውል የገበያ በር ዘግቶብኛል በማለት በ2002 ክስ መሠረተ። ማይክሮሶፍት ጥፋት መፈጸሙን ሳያምን ጉዳዩ በ2003 በ23.25 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ከክሱ የተገኘው ገንዘብ ኩባንያው ከተሸጠበት ዋጋ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ደንበኛው የት ይግባ?

ኩባንያ ሲሸጥ ባለአክሲዮኑ ትንሽም ቢሆን ድርሻውን ያገኛል። በምርቱ ላይ የራሱን ንግድ የመሠረተው ደንበኛ ግን ሜዳ ላይ ይቀራል። ቢኦኤስን በድምፅ መቅጃና በቪዲዮ ማቀናበሪያ መሣሪያዎቻቸው ውስጥ የገጠሙ አምራቾች ነበሩ። ለሬዲዮ ጣቢያዎች ፕሮግራም በራሱ የሚያጫውት ሶፍትዌር የሚሸጠው ቱንትራከር የተባለው የአሜሪካ ድርጅትም ሥራውን የጀመረው በቢኦኤስ ላይ ነበር።

የፕሮግራሙ ዋና ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮድ የሚባለው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆየ። ፓልም በ2003 የሶፍትዌር ክፍሉን ፓልምሶርስ በሚል ስም ለብቻው ሲያቋቁም አብሮ ሄደ፤ በ2005 ፓልምሶርስን የጃፓኑ አክሰስ በ324 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ሲዋዋልም አብሮ ተላለፈ። በዚህ ሁሉ ዝውውር ውስጥ ለሕዝብ አልተከፈተም።

በመካከሉ የንግድ መንገድ የሞከረም ነበር። የሎታብ የተባለ የጀርመን ድርጅት ከቢኦኤስ የመነጨ ሲስተም «ዘታ» በሚል ስም ይሸጥ ጀመር። ሽያጩ ወጪውን አልሸፈነም፤ የባለቤትነት ጥያቄም ተነሳበት። የሎታብ በ2006 ከሰረ፤ ሥራውን የተረከበው ሌላ የጀርመን ድርጅትም በ2007 ሽያጩን አቋረጠ። ለቢኦኤስ ሰዎች የቀረው ተስፋ ደቦው ብቻ ሆነ። ቱንትራከርም ከጊዜ በኋላ ሶፍትዌሩን ወደ ሃይኩ አዛውሯል።

የደቦው አሠራር

ሥራውን ያስጀመሩት ሚስተር ማይክል ፊፕስ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ ስሙ «ኦፕንቢኦኤስ» ነበር። በ2004 ፓልምሶርስ የንግድ ምልክት ጥያቄ በማንሳቱ ስሙ ሃይኩ ተባለ። ሃይኩ የጃፓኖች አጭር ግጥም መጠሪያ ነው፤ የቀድሞው የቢ የኢንተርኔት ማሰሻ ስህተት ሲያጋጥመው መልእክቱን በዚህ ዓይነት ግጥም ይናገር ስለነበር ለወዳጆቹ ስሙ እንግዳ አልሆነም።

አሠራሩ ብልሃት ነበረው። ቢኦኤስ ከመጀመሪያውም በየዘርፉ ተከፋፍሎ የተገነባ ነው፤ ድምፁ ለብቻ፣ ስክሪኑ ለብቻ፣ ኔትዎርኩ ለብቻ። በጎ ፈቃደኞቹ በቡድን ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፍል ወሰዱ። አዲሱን ክፍል ከጻፉ በኋላ በሚሠራ ቢኦኤስ ውስጥ አሮጌውን አውጥተው አዲሱን እየተኩ ይፈትኑታል። ሰው የሚኖርበትን ቤት ሳያፈርሱ ምሰሶውን አንድ በአንድ እንደመለወጥ ያለ ሥራ ነው።

ሁሉንም ከባዶ መጀመር አላስፈለጋቸውም። የሲስተሙ ልብ የሆነውን ከርነል የወሰዱት የቀድሞ የቢ መሐንዲስ ትራቪስ ጋይዝልብሬክት ከጻፉት «ኒውኦኤስ» ከተባለ ክፍት ሥራ ነው። ፋይል የሚታይበትን ክፍል ደግሞ ቢ ራሱ ከመሸጡ በፊት ለሕዝብ ከፍቶት ነበር። የቀረውን የታተሙትን መመሪያዎች እያነበቡና የቢኦኤስን አሠራር እያዩ በራሳቸው እጅ ጻፉት። ውጤቱ የወጣው «ኤምአይቲ» በተባለው ፈቃድ ነው፤ ማንም ሰው ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሊለውጠው፣ ቢፈልግም ሊሸጠው ይችላል።

በ2008 ሃይኩ ሌላ ሲስተም ሳያስፈልገው ራሱን በራሱ ላይ መገንባት ቻለ። በሴፕቴምበር 2009 የመጀመሪያው የአልፋ እትም ወጣ። ከጅምሩ የገቡት አንድ ቃል ነበር፦ ለቢኦኤስ የተጻፈ የድሮ ፕሮግራም ሳይነካ በሃይኩ ላይ መሥራት አለበት። በ32 ቢት እትሙ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ለዚህ ሲሉ ግን ሌላው ዓለም የተወውን ያረጀ የመሥሪያ ፕሮግራም እስከዛሬ ተሸክመው መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። ለቀድሞ ደንበኛ የተገባ ቃል ነፃ አይደለም።

ነፃ ሥራም ወጪ አለው

ደሞዝ የማይከፈልበት ሥራ ወጪው ጊዜ ነው። አራተኛው አልፋ በኖቬምበር 2012 ወጣ፤ የመጀመሪያው ቤታ የታየው ግን በሴፕቴምበር 2018 ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም፤ ከሥራው መጀመር ሲቆጠር ደግሞ 17 ዓመት ሆነ። በመካከሉ ፕሮግራሞች የሚጫኑበትንና የሚታደሱበትን መንገድ ከሥር መሠረቱ ለውጠዋል፤ ይህም ብዙ ክፍሎችን እንደገና ማስተካከል ጠየቀ። ምሽትና ቅዳሜ እሁድ የሚሠራ ሰው የዕለት እንጀራው ከጠራው ይሄዳል፤ የጀመረው ክፍልም ሌላ እስኪያነሳው ይቆማል።

ገንዘቡን የሚይዘው በ2003 በኒው ዮርክ ግዛት የተቋቋመው ለትርፍ ያልቆመው «ሃይኩ ኢንኮርፖሬትድ» ነው። ገቢው በአብዛኛው የደጋፊዎች መዋጮ ነው። ከ2007 ጀምሮ ጉግል በክረምት ተማሪዎችን እየከፈለ በክፍት ሶፍትዌር በሚያሠራበት ፕሮግራም ሃይኩ በተለያዩ ዓመታት ተሳትፏል። ድርጅቱም በ2013 ገደማ ለተወሰነ ሥራ በአጭር ውል ባለሙያ አሠርቷል። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2021 ሲሆን፣ ከመዋጮው እየከፈለ አንድ ባለሙያ በሙሉ ጊዜ ውል ቀጠረ።

አንድ ሰው ምን ይለውጣል ቢባል መልሱ በሥራው ዓይነት ላይ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚያስደስተውን ሥራ ይመርጣል። ለወራት ተደብቆ የቆየ ብልሽት የሚፈልግ፣ የሌሎችን ሥራ የሚያርም፣ እትም ከመውጣቱ በፊት ዝርዝሩን የሚፈትሽ ሰው ግን በየጊዜው አይገኝም። ይህ ሥራ ባለቤት አገኘ። በ2024 በወጣው አምስተኛ ቤታ የኔትዎርክ ፍጥነት በጉልህ መሻሻሉ የዚህ ዓይነት ትዕግሥት ውጤት ነው።

ገበያው ላይ የት ቆሟል?

ሃይኩ ቀላል ነው። ከ400 ሜጋባይት ባነሰ ማኅደረ ትውስታ ይነሳል፤ ሌላው ሲስተም የሚከብደው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ በፍጥነት ይሠራል። ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የጽሕፈትና የሂሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ተዛውሮለታል። ለዊንዶውስ ከተጻፉ ፕሮግራሞችም አንዳንዶቹ «ዋይን» በተባለው መሸጋገሪያ በኩል ይሠሩበታል። የገመድ አልባ ኔትዎርክ ማገናኛዎቹን ከሌሎች ክፍት ሲስተሞች ተውሷል።

የጎደለውም አለ። ገና የማያውቃቸው የኮምፒዩተር ዕቃዎች ጥቂት አይደሉም፤ በአምስተኛው ቤታ የግራፊክስ ካርድን ሙሉ ጉልበት መጠቀም አይችልም ነበር፤ የራሱ የኢንተርኔት ማሰሻም ከባድ ገጾች ላይ ይቸገራል። አዘጋጆቹም ያን ጊዜ «አንደኛ እትም» የሚለውን ማዕረግ ገና አልሰጡትም ነበር። ስለዚህ የድርጅቱን የሂሳብ ሥራ ሊጭንበት የሚያስብ ነጋዴ መቸኮል የለበትም።

ለማነጻጸር ሊኑክስ አለ። እሱም በ1991 በአንድ የፊንላንድ ተማሪ የትርፍ ጊዜ ሥራነት ተጀምሮ በደቦ ያደገ ነው። ነገር ግን ሰርቨር ላይ ስለገባ ነጋዴ ተከተለው፤ አይቢኤም በ2001 አንድ ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣበት አስታወቀ፣ በ2019 ደግሞ ሊኑክስን በአገልግሎት ሸጦ ያደገውን ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሃይኩ ያነጣጠረው በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፊት በሚቀመጠው ግለሰብ ላይ ነው፤ ይህ ገበያ በዊንዶውስና በአፕል የተያዘ በመሆኑ ትልቅ ከፋይ አልመጣለትም። ሁለቱም ደቦዎች ናቸው፤ የለያቸው ድግሱን የሚደግሰው ነው።

ሶፍትዌር ገዝቶ ሥራውን የሚያስኬድ ሁሉ ከዚህ አንድ ጥያቄ ሊይዝ ይገባል፦ ሻጩ ነገ ቢሸጥ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ማን እጅ ይገባል? የቢ ደንበኞች ይህን ጥያቄ ያነሱት ከሽያጩ በኋላ ነበር፤ መልሱን ለማግኘትም ከ20 ዓመት በላይ በነፃ መሥራት ጠይቋል። ቢን የገዛው ፓልም ራሱ በ2010 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ለኤች ፒ ተሸጠ፤ ኤች ፒም በማግስቱ ዓመት የፓልምን መሣሪያዎች ማምረት አቆመ። ከዚያ ሁሉ ድርድርና ዝውውር በኋላ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊጭነው የሚችለው፣ ዋጋ ያልወጣለት ሃይኩ ነው።