በጋራ የጥገና ቤት ውስጥ አሠሪው ለመካኒኮች ስለሚያቀርበው መሣሪያ አጠባበቅ

የእርሻ መኪና ከሞፈርና ከእርፍ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። እርፍ ቢሰበር ገበሬው እንጨት ቆርጦ በምሳር ጠርቦ በዚያው ቀን ይተካዋል። ትራክተር ቢቆም ግን ለብሎኑ ልክ የሆነ ቁልፍ ካልተገኘ፥ መካኒኩ ምንም ዐዋቂ ቢሆን በባዶ እጁ ሊያስነሣው አይችልም። በአርሲና በባሌ ሜዳ ስንዴው ደርቆ ሳለ የማጨጃው ኮምባይነር አንድ ቀን በቆመ ቁጥር እህሉ ይረግፋል፤ ያለ ጊዜው ዝናም የወረደበት እንደ ሆነም ፍሬው ከነዛላው ይበቅላል። የመዘግየቱ ምክንያት ሲመረመር ሁልጊዜ የመለዋወጫ እጦት ሆኖ አይገኝም፤ አንዳንድ ጊዜ 17 ቁጥር ቁልፍ ከቦታው መታጣቱ ነው።

ስለዚህ በወረዳና በዞን አስተዳደር ያላችሁ ሹማምንት፥ ሰፊ እርሻ ያላችሁ ባለሀብቶችም፥ ከበታቻችሁ ባለው የጥገና ቤት መሣሪያ እንዴት እንደሚያዝ ታውቁ ዘንድ ይህን ጥቂት ቃል ጽፈናል።

አስቀድሞ መሣሪያውን ማን ያቅርብ የሚለውን እንመልከት። በአሜሪካ አገር ብዙው መካኒክ የእጅ መሣሪያውን በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፤ ሥራ ሲለቅም ሣጥኑን ይዞ ይሄዳል። በእኛ አገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12፥ በሥራ ውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር፥ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ አሠሪው እንዲያቀርብ ያዝዛል። በአንቀጽ 13 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መሣሪያ በጥንቃቄ እንዲይዝ ያዝዛል። እንግዲህ ማቅረብ የአሠሪው፥ መጠበቅ የሠራተኛው ነው። ዳሩ ግን አንዱ መሣሪያ በአምስት ሰዎች እጅ ሲዞር ጠባቂው ከአምስቱ ማንኛው ነው? ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ይህንን ጥያቄ በሁለት መንገድ ሲመልሱት ይታያል፤ ሁለቱም ይጐዳሉ። የመጀመሪያው መሣሪያውን ሁሉ በአንድ ሣጥን ከምሮ ለሁሉም ክፍት አድርጎ መተው ነው። ያን ጊዜ የሁሉ የሆነው የማንም አይሆንም፤ ፒንሳው በትራክተሩ ወንበር ሥር፥ ካቻቢቴው በማሳው ውስጥ፥ መዶሻው በጎረቤት ቤት ይቀራል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን በመፍራት የሚመጣ ነው። ግምጃ ቤቱ መሣሪያውን ሁሉ በሞዴል 22 በአንድ መካኒክ ስም ወጪ ያደርጋል። ያ ሰው ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ ብሎ ሣጥኑን ይቈልፋል፤ መክፈቻውን በኪሱ ይይዛል። እርሱ በታመመ ወይም ለቅሶ በሄደ ቀን አራቱ ባልንጀሮቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ይህ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሌሎች በሚሠሩበት ዕቃ እርሱ ብቻ እንዲከፍል ስለ ተደረገ ነው። በመዝገብ ላይ አንድም ዕቃ አልጐደለም፤ በማሳው ላይ ግን ሥራ ጐድሏል።

የሚሻለው መንገድ መሣሪያውን ለሦስት መክፈል ነው።

1ኛ፤ በየሰዓቱ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ መካኒክ በስሙ ይሰጥ። ይኸውም ከ8 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ያሉ ቁልፎች፥ ሁለት ሦስት ካቻቢቴ፥ ፒንሳና መዶሻ ነው። ይህንን በሞዴል 22 ቢፈርምበት ፍርድ ነው፤ የሚሠራበት እርሱ ብቻ ነውና።

2ኛ፤ በየቀኑ ባይሆንም ሁሉም የሚፈልጉት በጋራ ሰሌዳ ላይ ይሰቀል። ትልልቆቹ ቁልፎች፥ ሴጌቶ፥ ሞረድ፥ ኩሽኔታ ማውጫ፥ የግራሶ ፓምፕ በዚህ ይገባሉ።

3ኛ፤ ዋጋው ብዙ፥ ጠባዩም ስስ የሆነው በግምጃ ቤት ይቀመጥ። ማይክሮሜትርና ካሊብሮ፥ የብሎንን መጥበቅ የሚለካው ቁልፍም እንደዚህ ያሉ ናቸው። እነዚህ እንደ መዶሻ ከተወረወሩ ልካቸው ይዛባል፤ የተዛባ መለኪያም ከመለኪያ ማጣት ይልቅ ይጐዳል፤ ሐሰቱን እንደ እውነት ያሳምናልና።

ስለ ጋራው ሰሌዳ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰፊ የጣውላ ሰሌዳ በግድግዳ ላይ ይመታል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሚስማር ይተከልለታል። መሣሪያው በተሰቀለበት ስፍራ ቅርጹ ዙሪያውን በቀለም ይሣላል፤ ከሥሩም ቁጥሩ ይጻፋል። መሣሪያው ሲነሣ ባዶው ቅርጽ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከበር ቆሞ የጐደለውን ለይቶ ያውቃል።

በዚህ ላይ የሚሊ ሜትርና የኢንች ቁልፎችን ለያይቶ መስቀል ያስፈልጋል። በአዳማ የተገጣጠሙት የቤላሩስ ትራክተሮች ብሎናቸው በሚሊ ሜትር ነው። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ሥራ ማሲ ፈርጉሰኖች ግን በኢንች የተሠሩ ናቸው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ 13 ቁጥር ቁልፍ የገባለት ይመስላል፤ ነገር ግን 0.3 ሚሊ ሜትር ይላላል። መካኒኩ ኃይል በጨመረ ጊዜ ቁልፉ ይንሸራተትና የብሎኑን ማዕዘን ያከብበዋል። ከዚያ ወዲያ ብሎኑን በመሮ ከመቍረጥ በቀር መንገድ አይገኝም። ስለዚህ የሚሊ ሜትሩን እጀታ በቀይ፥ የኢንቹን በሰማያዊ መቀባት ብዙ ብሎን ያድናል።

ማን እንደ ወሰደው ለማወቅ ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ፋብሪካዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተለመደ ቀላል ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥሩ የተመታባቸው አምስት ወይም ስድስት የናስ ወይም የቆርቆሮ ምልክቶች ይሰጡታል። መሣሪያ ሲያነሣ አንዱን ምልክት በባዶው ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ሲመልስ ምልክቱን ይወስዳል። ወረቀትም ጸሐፊም አያስፈልግም፤ ሰሌዳው ራሱ ይናገራል። ምልክቱን የጨረሰ ሰው የወሰደውን ሳይመልስ ሌላ መውሰድ አይችልም። ኃላፊነቱም ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ በያዘው ሰው ላይ ለያዘበት ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ማታ ሥራ ሲፈታ አንድ ተረኛ ሰሌዳውን ይቍጠር። የጐደለ ካለ ምልክቱን አይቶ ባለቤቱን በስሙ ይጥራ፤ መኪናውም መሣሪያው ሳይገኝ አይነሣ። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ቢኖር በአውሮፕላን ጥገና የሆነውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጨረሻ ወር በሎስ አንጀለስ የተመረመረ የአንድ የአውስትራሊያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ380 አውሮፕላን 1.25 ሜትር የሚሆን የናይሎን መሣሪያ በሞተሩ ውስጥ ተረስቶበት ነበር። እንደዚሁ ሆኖ 34 ጊዜ፥ በጠቅላላው 294 ሰዓት በረረ። የጠፋ መሣሪያ የሚፈለግበት ሥርዓት ተጽፎ ሳለ፥ መሣሪያው ባልተገኘበት ሰዓት ፍለጋው ሳይጀመር አውሮፕላኑ እንደ ተለቀቀ የአገሩ የመጓጓዣ ደኅንነት ቢሮ መርምሮ በ2024 ገለጠ። በእግዚአብሔር ቸርነት በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። በኮምባይነር መውቂያ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ ግን መኪናውን በተነሣበት ደቂቃ ይሰብረዋል፤ ተፈናጥሮ ሰውም ሊገድል ይችላል። የማታው ቈጠራ ዋና ጥቅሙም ይህ ነው፤ ሌባ መያዝ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል።

መሣሪያ ቢሰበር ስባሪውን አስረክቦ በአዲስ መለወጥ ይገባል። በሥራ ያለቀ ዕቃ ደመወዝ የሚያስቈርጥ ከሆነ ሠራተኛው ስብራቱን ይደብቃል፤ አፉ በሰፋ ቁልፍም እየሠራ ሌላ ጥፋት ያመጣል። የጠፋም እንደ ሆነ አለቃ ሁሉ እንደ ወደደ ደመወዝ እንዲቈርጥ ሕጉ አይፈቅድም። በተባለው አዋጅ አንቀጽ 59 መሠረት መቍረጥ የሚቻለው በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቈረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ሰሌዳና ምልክት ሳያዘጋጁ ዕቃው ከጠፋ በኋላ ደመወዝ ለመቍረጥ መነሣት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ነው።

በመጨረሻ የምንናገረው ለሹማምንቱና ለባለ እርሻዎቹ ለራሳችሁ ነው። ሥርዓቱን ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው ከላይ የሚመጣ ቃል ነው። አለቃው ለገዛ መኪናው ክሪክና ቁልፍ ፈልጎ ሾፌሩን ይልካል፤ መካኒኩም አለቃውን ምልክት ስቀል ለማለት ያፍራል። ዕቃው ሳይመለስ ሰንብቶ በቈጠራ ቀን ሲታጣ የሚጠየቀው ያ ድኻ ነው። ስለዚህ ለአለቃውም በስሙ አንድ ምልክት ይሠራለት፤ ሲወስድም እንደ ማንኛውም ሰው ይስቀል። የአለቃቸውን ምልክት በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ያዩ ሠራተኞች የራሳቸውን ለመስቀል አይከብዳቸውም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጣውላ፥ ሚስማር፥ ሁለት ዐይነት ቀለምና ጥቂት ቆርቆሮ ይበቃል። ይህም ሥራ መኪናዎች ሥራ በሚፈቱበት ወራት ቢፈጸም መልካም ነው፤ አጨዳ ከገባ በኋላ ሰሌዳ ለመሥራት ጊዜ አይገኝምና።