የወጥ ጠብታ፣ ነጠላና የእቃ ማጠቢያ ሳሙና

የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናን ለልብስ እጥበት የመጠቀም ነገር ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ይገኛል፤ አንደኛው ሳሙና ሁሉ ያው ሳሙና ነው በማለት ኦሞ ባለቀበት ቀን ከሳህን ማጠቢያው ላይ አንስቶ ባልዲው ውስጥ ይጨምረዋል፣ ሌላው ደግሞ የወጥ ቤት ነገር ልብስ ይበላል ብሎ ከናካቴው አያስጠጋውም። በላውንደሪ ሥራ የቆዩ ባለሙያዎች ከሁለቱም አይወግኑም፤ ጠርሙሱን ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው አያጠፉትም፣ የሚጠቀሙበት ግን በጠብታ ሲሆን የሚያውሉትም ለአንድ ዓይነት እድፍ፣ እርሱም ለቅባት ነው። ይህ ልማድ ከምን እንደመጣ ለመረዳት ፈሳሹ ምን እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ምን እንደሌለበትም ማየት ያስፈልጋል።

በፈሳሹ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሰርፋክታንት የሚባለው የንጥረ ነገር ዓይነት ነው። የእያንዳንዱ ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፍ ቅባት ወዳድ በመሆኑ፣ ቅባት ወዳዱ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ሲሰካ ውሃ ወዳዱ ወደ ውጭ ይቀራል፤ በዚህ መልክ ዙሪያውን የተከበበው የዘይት ቅንጣት ከክሩ ተላቆ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፍና ሲለቀለቅ አብሮ ይሄዳል። የእቃ ማጠቢያው ፈሳሽ የሚቀመመው የምግብ ዘይትንና ስብን ከሳህን ላይ በፍጥነት እንዲያነሳ ታስቦ ሲሆን፣ ባዶ እጅ ለረጅም ሰዓት ስለሚነከርበት የፒኤች መጠኑ፣ ማለትም የአሲድነቱ ወይም የአልካላይንነቱ ልክ፣ በአብዛኛው ለመካከለኛው ለ7 የቀረበ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ሲበጠበጥ ፒኤቹ እስከ 10 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ከሰርፋክታንቱ ሌላም በውሃው ውስጥ ያለውን ካልሲየም የሚይዙ፣ የተላቀቀው ቆሻሻ ተመልሶ ልብሱ ላይ እንዳያርፍ የሚያግዱ ቅመሞች፣ በብዙዎቹም ላይ ፕሮቲንና ስታርች የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይጨመሩበታል። የእቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ከእነዚህ አብዛኞቹ የሉበትም፤ አንድ ባልዲ ሙሉ ልብስ በእርሱ ብቻ የሚታጠብበት ቤት ነጭ ሸሚዝ ከጊዜ በኋላ አመድማ የሚሆነው፣ ቆሻሻው ሳይለቅ ቀርቶ ሳይሆን ከለቀቀ በኋላ የሚይዘው አጥቶ ወደ ጨርቁ ስለሚመለስ ነው።

ሁለቱም ሳሙና ይባሉ እንጂ በጥንቱ ትርጉም ሳሙና አይደሉም። ሳሙና የሚባለው ስብን ከአልካሊ ጋር በማዋሐድ የሚገኘው ሲሆን፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲያጋጥመው አረፋው ይከስምና ነጭ ዝቃጭ ጥሎ ይቀራል፤ እንደ ድሬዳዋና መቀሌ የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር ላይ በተቆረቆሩ ከተሞች የሚያጥቡ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ይህን ችግር የሚቋቋሙት ሰው ሠራሽ ማጽጃዎች ለቤት አገልግሎት በጀርመን በ1932፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1933 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ገበያ ላይ ውለዋል። ሰርፋክታንት ግን የፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ሸማ ለዘመናት የታጠበበት እንዶድ አረፋ የሚያወጣውና የሚያነጣው ሳፖኒን በሚባል የተፈጥሮ ሰርፋክታንት ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው ተክሉን በዓለም አስጠራው እንጂ፣ ለአጣቢዎቹ እንዶድ አስቀድሞም ሙያውን ያስመሰከረ ነበር።

ጠርሙሱ ጥቅሙን በግልጽ የሚያሳየው በነጠላ ላይ የዶሮ ወጥ ሲንጠባጠብ ነው። አንድ የወጥ እድፍ በእውነቱ ሁለት እድፍ ነው፤ አንደኛው ዘይቱና ቅቤው ሲሆን፣ ሁለተኛው የበርበሬው ቀይ ቀለም ነው፤ ቀለሙም ካሮቲኖይድ ከሚባሉት ወገን በመሆኑ በውሃ ሳይሆን በዘይት ይሟሟል። ስለዚህ በድንጋጤ ወዲያው ውሃ ማፍሰስ ብዙ አይጠቅምም፤ ውሃው ጥጡን ያርሰውና ሳሙናው ወደ ዘይቱ የሚደርስበትን መንገድ ይይዝበታል። በሙያው የተለመደው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ወፍራሙ በማንኪያ ጠርዝ ይነሳል፣ የቀረው ሳይታሽ በሶፍት ተጭኖ እንዲመጠጥ ይደረጋል፣ ከዚያም ጨርቁ ገና ደረቅ ሳለ አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በእድፉ ላይ ያርፍና በጣት ጫፍ ከዳር ወደ መሐል በቀስታ እንዲሰርግ ይደረጋል። ብሩሽ እዚህ ላይ ጠላት ነው፤ የነጠላ ማግ በእጅ የተፈተለና ልል በመሆኑ ሲፈተግ ክሩ ከቦታው ይሸሻል፣ እድፉ ቢለቅም ጨርቁ እዚያው ላይ ሳስቶ ይቀራል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ከጀርባው በኩል ይለቀለቃል፤ ለብታው የሚያስፈልገው ቅቤ በሰው ገላ ሙቀት አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ረግቶ ከክሩ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ዘይቱ ሲወጣ አብዛኛውን ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ከዚህ በኋላ ነው ልብሱ በተለመደው ሳሙና የሚታጠበው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ልብስ የሚበላሸው ግን ከእጥበቱ በኋላ ነው። ቅባት የነካው ጨርቅና ውሃ የነካው ጨርቅ በአንድ ምክንያት ይጠቁራሉ፤ ሁለቱም በክሮቹ መካከል ያለውን አየር ተክተው ብርሃን እንዳይበተን ያደርጋሉ። በመሆኑም እርጥብ ልብስ ላይ ቅባት አይታይም፤ ለቅቋል የተባለው ነጠላ ደርቆ ሲታይ ክብ ጥላው እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። ልብሱ በንፋስ ደርቆ ሳይመረመር ካውያ ካረፈበት ወይም ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከገባ፣ የቀረው ዘይት በሙቀቱ ይጠነክርና ቢጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጠብታ ሳሙና ብዙም አይረዳም።

የአልጫ እድፍ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። እርድ ውስጥ ያለው ከርኩሚን የሚባለው ቢጫ ቀለም ከጥጥ ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ሲሆን፣ አልካላይን ነገር ሲነካው ከቢጫነት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። አጣቢዋ በቢጫው እድፍ ላይ ዱቄት ሳሙና ስትነሰንስ ደም የመሰለ ቀለም ድንገት ወጥቶ የምትደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳሙናው በሚገባ ከተለቀለቀ ወይም ጥቂት ሎሚ ከነካው ቢጫው ይመለሳል። ፒኤቹ መካከለኛ የሆነው የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይህን ድንጋጤ አያመጣም፣ ቀለሙንም ግን አያስለቅቅም፤ ዘይቱን አውጥቶ ቢጫውን ይተዋል። ቢጫውን የሚጨርሰው ፀሐይ ነው። ከርኩሚን በብርሃን የሚፈራርስ በመሆኑ እርጥቡ ነጠላ እድፉ ወደ ፀሐይ ዞሮ ሲሰጣ ቀለሙ በቀናት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ከበርበሬ የሚተርፈው ብርቱካንማ ጥላም እንዲሁ። ከሁሉም ማጽጃ ርካሹ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙዎች ከእርሱ በፊት ወደ በረኪና መሮጣቸው ያስገርማል፤ በረኪና ቀለሙን ቢያጠፋም ዘይቱን እዚያው ይተወዋልና።

ለደም፣ ለወተትና ለእንቁላል ቀዝቃዛ ውሃና ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ይሻላል፤ ለቡናና ለሻይም ኦክስጅን የሚለቅ ማንጫ እንጂ ቅባት ፈቺ አያስፈልግም።

ማሽን ባለበት ቤት ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። የእቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ሆን ተብሎ ብዙ አረፋ እንዲያወጣ ይሠራል፤ አረፋ ግን የጽዳት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል እንጂ ቅባትን የሚፈታው እርሱ አይደለም። በፊት ለፊት በር ያለው ማሽን የሚያጥበው ልብሱን እያነሳ ውሃ ውስጥ በመጣል ሲሆን፣ ከበሮው በአረፋ ሲሞላ ልብሱ እንደ ፍራሽ በሚያገለግለው አረፋ ላይ ያርፋል፣ የመምታቱ ኃይልም ይጠፋል፤ ሲብስም አረፋው በሳሙና ማስቀመጫው በኩል ገንፍሎ ወለል ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ፈሳሹ በማሽኑ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በእጅ ለአንድ እድፍ የተቀባውም ልብሱ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት መለቅለቅ አለበት።

ሳሙናው የነጠላውን ጥበብ ቀለም እንዳያስለቅቅ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ላይ ተነክቶ በነጭ እርጥብ ጨርቅ መሞከር ይኖርበታል። ፈሳሹን ከበረኪና ጋር ማደባለቅ ከልብሱ ይልቅ ለሰው ያሰጋል፤ አሲድ ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሁሉ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መተንፈሻ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣልና፤ በብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ የሚታየው የሎሚ ሥዕል ግን የሽታ እንጂ የአሲድ ምልክት አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች፣ በእቃ ማጠቢያው ሥር ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ዕቃዎችም መምታታት የለባቸውም፤ ለእቃ ማጠቢያ ማሽን የሚሠራው ዱቄት ወይም ጄል ከፍተኛ አልካላይን ነው፣ አንዳንዱም ማንጫ ስላለበት ሱፍና ሐርን ይጎዳል፣ የጥበቡንም ቀለም ይወስዳል፤ ለነጠላው የሚሆነው በእጅ ለሚታጠብ እቃ የተዘጋጀው ነው።