ስታዲየሙ ቀረ፣ ሊጉ ሄደ
የወልዲያ ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ዓመታት ሲታወሱ

ከላሊበላ ተነስቶ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ማየት የሚፈልግ የላስታ ሰው ድሮ ያለው አማራጭ ሬዲዮ ነበር። ቡድን በአቅራቢያው አልነበረማ! በ2009 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተቀየረ። በጋሸና በኩል ዞሮ የድልብን ቁልቁለት ከወረደ ወልዲያ ላይ እነ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ እነ ኢትዮጵያ ቡናን በዓይኑ ማየት ይችል ነበር። ሰሜን ወሎ የሊግ ቡድንም፣ አዲስ ስታዲየምም በአንድ ዓመት አገኘች። ሁለቱ ግን አብረው ብዙ አልቆዩም።

ወልዲያ ከተማ ከዚያ በፊትም ሊጉን ቀምሶታል። በ2007 ዓ.ም. አድጎ በዚያው ዓመት ከሙገር ሲሚንቶ ጋር ተያይዞ ወረደ። እግር ኳስ ግን ይቅር ባይ ነው። በ2009 የሊጉ ክለቦች ቁጥር ወደ 16 ከፍ ሲል አራት ቡድኖች አንድ ላይ አደጉ፤ ፋሲል ከነማ፣ ጅማ አባ ቡና፣ አዲስ አበባ ከተማና ወልዲያ።

የጥር ወር ስጦታ

ውድድሩ እየተካሄደ ሳለ በጥር 2009 ዓ.ም. በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲን ስም የተሰየመው ስታዲየም ወልዲያ ላይ ተመረቀ። ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ የወጣበትና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ነው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ የሊጉ ክለቦች አቧራማ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ በኖሩበት አገር፣ የወልዲያ ልጆች ባለሀብት ጎረቤት እንዳለው ሰው ደረታቸውን ነፍተው መሄዳቸው አይገርምም።

በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ የደደቢቱ ጌታነህ ከበደም 25 ጎል አስቆጥሮ አዲስ ክብረ ወሰን ያዘ። ከታች በኩል ደግሞ ሦስት ቡድኖች ተሰናበቱ። ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ እንደመጡ ተመለሱ። ሦስተኛው ሁሉንም ያስደነገጠው አንጋፋው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበር። ወልዲያ ተረፈ። በ2007 ያልተሳካለትን በ2009 አሳካው።

ኅዳር 24

የ2010 የውድድር ዓመት ገና በጊዜ ተበላሸ። ኅዳር 24 ቀን ወልዲያ ላይ ወልዲያ ከመቀሌ ከተማ ሊጫወቱ ነበር። ኳስ ሳይነካ ረብሻ ተነሳ፤ ጨዋታው ቀረ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ። ሊያዝናና የተሠራ ስታዲየም በዚያ ቀን የተሠራበትን ሥራ ሳይሠራ ዋለ። ከዚያ ወዲያ የቡድኑ ስም ሲነሳ ከጎልና ከነጥብ ይልቅ ጸጥታው መወራት ጀመረ።

ችግሩ የወልዲያ ብቻ እንዳይመስለን። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 22 ቀን በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና በመከላከያ ጨዋታ ላይ ዳኛው ተሳድደው በመደብደባቸው ሊጉ ራሱ እስከመቋረጥ ደርሷል። ኳሱ የፖለቲካው ማራገፊያ ሆኖ ነበር። ውድድሩ ሲያልቅ አዲስ መጪው ጅማ አባ ጅፋር ቅዱስ ጊዮርጊስን በጎል ልዩነት በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ወልዲያ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። አዲሱ ስታዲየም ፕሪሚየር ሊጉን ያየው ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

አብረው የተነሱት የት ደረሱ?

አብሮ ያደገውን ፋሲልን እንይ። ስታዲየሙ ከወልዲያው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ግን ሊጉ ውስጥ ቆየ፤ በ2011 ዋንጫውን ለጥቂት አጣ፤ በ2013 በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳው። በ2009 የወረደው ንግድ ባንክም ቡድኑን እስከ መበተን ደርሶ ነበር። እንደገና አቋቁሞ፣ ከታች ጀምሮ ወጥቶ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ጅማ አባ ጅፋር ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ2010 ዋንጫ አንስቶ በ2014 ወረደ።

ከነዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ክለብን የሚያቆመው ሲሚንቶ አይደለም። በየዓመቱ የማይቆራረጥ ገንዘብ፣ የማይበተን ቡድንና ሰላም ያለው ሜዳ ነው። አብዛኛው የሊጉ ክለብ የሚኖረው ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነክቶ በ2011 ክረምት ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ገደብ እስከ መጣል ተደርሷል። እንዲህ ባለ ገበያ አዲስ ያደገ ትንሽ ከተማ፣ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ብሎ በክረምት ተጫዋች ሲሰበስብ፣ በቀጣዩ ክረምት እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለሰሜን ወሎ ፈተናው በዚህ አላበቃም። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላና ወልዲያ ገባ፤ ከተሞቹ ለወራት በጦርነቱ ውስጥ ከቆዩ በኋላ በታኅሣሥ 2014 ተለቀቁ። በዚያ ጊዜ ስለ ሊግ ማሰብ ቅንጦት ነበር። ሊጉም ቢሆን ከ2013 ጀምሮ በቴሌቪዥን እየተላለፈ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ በመጀመሩ «በሜዳዬ» የሚባለው ነገር ትርጉሙ ተቀይሯል።

ያም ሆነ ይህ ወንበሮቹ አሉ። የላስታ፣ የቆቦና የመርሳ ልጅ ኳስ መውደዱን አልተወም። ወልዲያ ሁለት ጊዜ ማደግ እንደሚችል አሳይቷል፤ ያልቻለው መቆየት ነው። ሦስተኛው ዕድል ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት ሰው ይይዛል?» ሳይሆን «የሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ ከየት ይመጣል? እንግዳው ቡድንስ በሰላም ገብቶ በሰላም ይወጣል ወይ?» የሚለው ነው።