ገንዘብን ገንዘብ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

እህሉን ሸጦ የተቀበለውን የወረቀት ብር ቈጥሮ በመቀነቱ የሚቋጥር የእስቴ ገበሬ፣ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም፣ አንድ ትልቅ እምነት መመስከሩ ነው። ወረቀቱ አይበላም፤ አይለበስም፤ ቀልጦ ጌጥ አይሆንም። ገበሬው የሚቀበለው በሚመጣው ሳምንት በዚያው በመካነ ኢየሱስ ገበያ ጨው ሻጩም፣ ጨርቅ ሻጩም፣ ግብር ተቀባዩም አልፈልግም ብለው እንደማይመልሱበት ስለሚያምን ነው። ቅድመ አያቱ ግን ለበሬው ዋጋ ወረቀት ቢዘረጉለት ኖሮ በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። እርሱ የሚያውቀው ገንዘብ በእጅ ሲይዙት የሚከብድ፣ ብርነቱ በዓይን የሚታይ ጠገራ ብር ነበርና።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ልክ የሆነው ማን ነው? ጥያቄው የሽማግሌዎች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ደመወዙ በቍጥር ሳይቀነስ በገበያ ሲያንስበት ያየ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ፣ ወላጆቹ ከአገር ቤት የሚልኩለት ብር ወሩን አላደርስ ያለው ተማሪም፣ የሚኖሩት በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ነገሩን ከሥሩ ልንመለከተው አስበናል።

የክርክሩ ሁለት ወገኖች

በውጭው ዓለም ሊበርታሪያን የሚባሉ የፖለቲካ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ የመንግሥት ሥልጣን ጠባብ፣ የግለሰብ ነፃነት ሰፊ ይሁን የሚል ነው። ገንዘብንም በሚመለከት፣ መንግሥት ወረቀት እያተመ ይህ ገንዘብ ነው ብሎ ማዘዙን አይወዱም። ወረቀት ማተም ቀላል ስለሆነ፣ ገንዘብ ያጠረው መንግሥት ሁሉ ግብር ሳይጥል የሕዝቡን ጥሪት ይወስዳል ይላሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ በአሜሪካ የቴክሳስ እንደራሴ የነበሩት ሐኪሙ ሮን ፖል፣ ገንዘብ ወደ ወርቅ እንዲመለስ ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1974 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ፍሪድሪኽ ሃየክም፣ በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ገንዘብ ማውጣት ከመንግሥት እጅ ይውጣ፤ ባንኮች እየተወዳደሩ ያውጡት፤ ሕዝቡም ያመነውን ይምረጥ እስከ ማለት ደርሰዋል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ሲል ይመልሳል። የወርቅ ብዛት የሚወሰነው በማዕድኑ ጒድጓድ እንጂ በሕዝቡ ሥራና ንግድ አይደለም። ንግዱ ሲሰፋ ወርቁ ካልሰፋ፣ የእህል ዋጋ ይወድቃል፤ ባለዕዳው ይደቃል፤ ሥራ ይጠፋል። እንግሊዝ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1931 ከወርቅ የወጣችው በዚህ ጭንቀት ነው። በዚያ የድቀት ዘመን ከወርቅ ፈጥነው የወጡት አገሮች ፈጥነው ማገገማቸውን የኢኮኖሚ ሊቃውንት በኋላ አሳይተዋል።

ይህ ክርክር ለእኛ ከውጭ የመጣ ወሬ ብቻ አይደለም። እነዚያ ፈላስፎች በሐሳብ የሚጽፉትን አገራችን በገበያዋ ኖራበታለች።

መንግሥት ያላዘዘው ገንዘብ

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከዚያም ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከግማሽ ያህል ነው። በቀይ ባሕር በኩል በነጋዴ እጅ ገብቶ፣ እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ማኅደረ ማርያም፣ ዓባይንም ተሻግሮ እስከ ጎጃም ገበያዎች ዘለቀ። ይህን ገንዘብ ተቀበል ብሎ መጀመሪያ አዋጅ ያስነገረ ንጉሥ አልነበረም። ሕዝቡ ራሱ መረጠው። ባላገሩ የንግሥቲቱን ዘውድ ፈርጦችና የትከሻዋን ጌጥ ነጥብ እየቈጠረ፣ ያረጀውንና የተፋቀውን እየለየ ይመልስ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ በራሱ አገር ገንዘብ ቀለብ መግዛት እንደማይሆንለት ዐውቆ፣ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ጠገራ ብር ከቪየና አስመትቶ ይዞ መጣ።

ለዝርዝሩ ደግሞ ከአፋር በረሃ ከአርሆ የሚወጣው አሞሌ ጨው ነበረ። አሞሌ ከተቈፈረበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ጠገራ ብር አሞሌ በየገበያው፣ በየወራቱም ይለያይ ነበር። በክረምት እርጥበት እንዳያሟሟው መጠንቀቅ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ያም ሆኖ ማንም ንጉሥ በትእዛዝ ሊያበዛው አይችልም ነበር፤ ሊበርታሪያኖች የሚያመሰግኑት ጠባዩ ይህ ነው።

ምስጋናው ግን በዚህ ላይ መቆም አለበት። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ባስመቱት ብር ላይ የገዛ መልካቸው ነበረበት፤ ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራ ብር ጋራ እኩል ነበር። ሆኖም የአገሩ ገበያ የራሱን ንጉሥ ብር ወደ ጎን ትቶ የሞተችውን የባዕድ ንግሥት ብር ማስበለጡን ቀጠለ። እንግዲህ ብሩ ያው ብር ከሆነ፣ ልዩነቱ ከምን መጣ? ከልማድና ከእምነት ነው። ማዕድኑ ብቻውን ገንዘብ አላደረገውም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የበለጠ ያሳስባል። የገንዘባችን ዋጋ የሚወሰነው በእኛ አገር አልነበረም። ጀርመንና ሌሎች የአውሮጳ አገሮች በ1870ዎቹ ገንዘባቸውን ከብር ወደ ወርቅ ሲያዞሩ፣ በዓለም ገበያ ብር ረከሰ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ 1 የእንግሊዝ ፓውንድ በ5 ያህል ጠገራ ብር ይገኝ የነበረው፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ 10 ያህል ይጠይቅ ጀመር። በእንስራ ቀብሮ ያኖረ ባላገር፣ ማንም ሳይሰርቀው፣ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ዕቃ ግማሹን የመግዛት ኃይል አጣ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ መንግሥት አገኘች። ወረራውም ከተፈጸመ በኋላ የአገሩ ሰው ሊሬውን አልቀበልም ስላለ፣ ወራሪው ራሱ ጠገራ ብር እየመታ መክፈል ግድ ሆነበት። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ፣ በኋላም ቦምቤይ፣ ያንኑ የ1780 ብር መቱ። ከመንግሥት ነፃ ነው የተባለው ገንዘብ በእውነቱ የአምስት መንግሥታት ፋብሪካ ውጤት ነበር፤ ከመምታቱ የሚገኘው ትርፍም ለእነርሱ ነበር።

ከወርቅ ወደ ወረቀት

ወረቀቱ በዝግታ ገባ። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ1907 ዓ.ም. ያወጣው ኖት ከአዲስ አበባና ከባቡሩ መሥመር ብዙ አልራቀም። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከነፃነት በኋላ፣ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው አዲስ የወረቀት ብር ግን አገሩን ሊያዳርስ የታሰበ ስለ ነበረ፣ በሦስት ነገር ተደገፈ። አንደኛ፣ ሕጉ የ1 ብርን ዋጋ በ0.36 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ወሰነ። ሁለተኛ፣ ለኖቱ መያዣ የሚሆን ወርቅ፣ ብርና የውጭ ገንዘብ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሦስተኛ፣ ብር መጨበጥ የለመደው ባላገር እንዲያምን የ50 ሳንቲሙ ገንዘብ ከእውነተኛ ብር ተሠራ። ከአንድ ዓመት በፊት አገራችን በአሜሪካ በብሬተን ዉድስ ከተሰበሰቡት 44 አገሮች አንዷ ነበረች፤ በዚያ ስምምነት የዓለም ገንዘብ በዶላር፣ ዶላሩም በወርቅ ታስሮ ነበር። ያ ገመድ የተበጠሰው በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መለወጥ ባስቀሩ ጊዜ ነው።

የወርቅ ወዳጆች እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስረጃ ያቀርባሉ። በ1937ቱ ሕግ ስሌት 1 ግራም ወርቅ ከ3 ብር በታች ነበር፤ ዛሬ ግን ብሔራዊ ባንክ አንዱን ግራም የሚገዛው በብዙ ሺህ ብር ነው። የውጭ ምንዛሪውም እንዲሁ ይመሰክራል። አንዱ የአሜሪካ ዶላር በ1937 ዓ.ም. 2 ብር ከ48 ሳንቲም፣ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ 2 ብር ከ7 ሳንቲም፣ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በደርግ ዘመን ቍጥሩ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ንቅንቅ አለማለቱ ማንንም አያታልል፤ በጓሮ ገበያ ዶላሩ ከዚያ ዋጋ በላይ ይሸጥ ነበር።

ይህ የሚሆንበት መንገድ ለተማሪ አስቸጋሪ አይደለም። መንግሥት ከሰበሰበው ግብር በላይ ወጪ ሲያደርግ፣ ጒድለቱን ከብሔራዊ ባንክ ይበደራል። ባንኩ የሚያበድረው ከተቀመጠ ጥሪት አይደለም፤ በመዝገብ አዲስ ገንዘብ ይፈጥራል። አዲሱ ገንዘብ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ከእርሱ ጋራ አዲስ ጤፍ፣ አዲስ ዘይት፣ አዲስ ጨርቅ ግን አልወጣም። ስለዚህ ዋጋ ይነሣል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሆነበት ምክንያት ጦርነትን፣ ድርቅንና የዓለምን ገበያ ቢጨምርም፣ ይህ የብድር መንገድ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አይካድም። ከሁሉ የሚጐዳው ከብት ወይም ቤት የሌለው፣ ያለውን ሁሉ በወረቀት የያዘ ሰው ነው።

ታዲያ ወደ ወርቅ እንመለስ?

እኛ ይህን መልስ አንቀበልም። ምክንያታችንን ሁለት ምሳሌዎች ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የወርቁ የራሱ ጠባይ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጥር 1980 አንድ አውንስ ወርቅ 850 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ1999 ግን ወደ 250 ዶላር ወርዶ ታየ። ዕዳው በወርቅ የተጻፈ ገበሬ ቢኖር አንድ ጊዜ ይሰምጣል፤ አንድ ጊዜ ይንሳፈፋል። ይህን መለኪያ የጸና ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚምባብዌ ነው። ያች አገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2009 የመቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት እስከ ማውጣት ደርሳ ገንዘቧን ገደለች። ሊበርታሪያኖች ይህን ዘወትር ይጠቅሳሉ፤ መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር ያችው አገር በወርቅና በውጭ ገንዘብ የተደገፈ ዚግ የሚባል አዲስ ገንዘብ አወጣች። ስድስት ወር ሳይሞላው ከዋጋው 43 በመቶ ተቈረጠ። ወርቁ በግምጃ ቤት ነበር፤ የሕዝቡ እምነት ግን አልነበረም።

የምኒልክ ብርና የዚምባብዌ ዚግ የሚያስተምሩን ነገር አንድ ነው፤ ማዕድን እምነትን ያግዛል እንጂ አይተካም። ሊበርታሪያኖች በሽታውን ዐውቀውታል፤ ሹም ያለ ልጓም ገንዘብ ሲፈጥር ድኻ ይዘረፋል። መድኀኒቱ ግን ልጓሙን ከማዕድን መበደር አይደለም። አንድ ሺህ ጠገራ ብር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ በአንድ ሰዓት በባንክና በስልክ ይከፈላል። ወደ በቅሎ ጭነት የሚመለስ የለም። ልጓሙ ከሕግና ሕግን ከሚፈጽም ሰው መምጣት አለበት።

የዚህ ልጓም መጀመሪያ በሕግ ተጽፏል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ አዋጅ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚወስደውን ብድር ይገድባል። ሆኖም በወረቀት የተጻፈ ገደብም እንደ ወረቀት ገንዘብ ነው፤ ዋጋ የሚኖረው ሲከበር ብቻ ነው። የሚያከብሩትም ሆነ የሚጥሱት ሰዎች ናቸው፤ የበጀት ቍጥር የሚደምሩ፣ የወጪ ማዘዣ የሚፈርሙ፣ ሒሳብ የሚመረምሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ ይህን ገጽ የሚያነቡ ወጣት ሠራተኞች፣ ወይም ነገ በቦታቸው የሚቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። ያላስፈላጊ ወጪ የፈረመ እጅ፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ቢሆን እንኳ፣ በእስቴ ገበያ ከአንድ የማያውቀው ገበሬ መቀነት ላይ ቈንጥሮ መውሰዱ ነው።

አሞሌ ጨውን ገንዘብ ያደረጉ አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ለጨው የተነገረው ለብርም ይሆናል። የብርን ጣዕም የሚጠብቀው ማተሚያውን የያዘ ሰው እጁን መሰብሰብ የቻለ እንደ ሆነ ነው።