«ጤና ይስጥልኝ» በአንድ ጣት

ኮምፒውተር ላይ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ በአማርኛ ለመጻፍ፣ በተለመደው ኪቦርድ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሺፍትን ይዞ ሌላ ቁልፍ መምታት ግድ ነው፤ ለ«ጤ»፣ ለ«ጥ» እና ለ«ኝ»። ሁለቱም እጁ ለሚታዘዝለት ይህ ከቁም ነገር አይገባም። ስትሮክ አንድ ጎኑን የያዘው ሰው ግን ሰላምታው ገና ከመጀመሪያው ፊደል ላይ ይቀርበታል።

መፍትሔው ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ሺፍትን አምስት ጊዜ አከታትለው ሲጫኑ አንድ ጥያቄ ብቅ ይላል (ጌም የሚጫወቱ ልጆች የሚረግሙት ያው መስኮት ነው)። «አዎ» ካሉት ሺፍትን ይዞ መቆየት ይቀራል። ነክተው ሲለቁት ኮምፒውተሩ ያስታውሰዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል ከሺፍት ጋር እንደተመታ ይቆጥረዋል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ደግሞ የቀኙን ሺፍት ስምንት ሰከንድ ያህል መያዝ ሌላ አማራጭ ይከፍታል፤ በስህተት የተደጋገመው ምት እንዲታለፍ ያደርጋል።

ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በእስራኤሏ ኪርያት ጋት ችግሩ ድርብ ነው። ከተማዋ የኢንቴል ፋብሪካ ያለባት ናት። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሆኪንግ በጉንጩ ጡንቻ እየታገዘ ይጽፍበት የነበረውን ሶፍትዌር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በነፃ የለቀቀውም ይኸው ኩባንያ ነው። ነገር ግን አማርኛ እንጂ ዕብራይስጥ የማያነቡ አንዲት እናት፣ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ቀጠሯቸውን ለማየት ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ፣ «ነጊሹት» የሚለውን የማስተካከያ ገጽ ከዕብራይስጥ ዝርዝር መሐል ፈልገው ማግኘት አለባቸው። አለዚያ የልጅ ልጅ ከሠራዊት ለእረፍት እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

የአቋራጭ ቁልፎች ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ቋንቋ አይመርጡም። የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክት አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ይጎላል፣ እስከ 16 እጥፍ። የዊንዶውስ ቁልፍና ኢስኬፕ ይመልሱታል። እኔ ግን ከማጉያው በፊት የፊደሉን መጠን ብቻ ማሳደግን እመርጣለሁ። ማጉያው የገጹን ቁራጭ ብቻ ስለሚያሳይ ዓይን መስመሩን ይስታል። አማርኛ ደግሞ ከላቲን ይልቅ ጎላ ማለት ያሻዋል፦ «ቡ»ንና «ቢ»ን የሚለያቸው ያች ትንሽ ጭረት ከመሐል ወይም ከግርጌ መውጣቷ ብቻ ነው፤ ሞራ የጀመረው ዓይን ይህን በትንሽ ፊደል አይለይም።

ማንበብ ጭራሽ ለማይችሉ ድምፅ አለ። ኤጅ በተባለው ብራውዘር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ አንድ ላይ ሲጫኑ ገጹ ይነበባል፤ ለአማርኛ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት ድምፆች አሉት፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ። ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ነው፣ ጆሮ እስኪለምደው ያስቸግራል።

ሁለቱም የሚያነቡት ግን የተጻፈን ፊደል ነው። ለማኅበረሰቡ በአማርኛ የሚላከው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ፎቶ ነው፤ ለእኛ ጽሑፍ ይመስላል፣ ለኮምፒውተሩ የቀለም ነጠብጣብ ነው፤ መቅደስም አምሃም ዝም ይላሉ። ላኪው ያንኑ መልእክት ከፎቶው ሥር በፊደል ቢጽፈው ይነበባል።