«ምልመላ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ምልመላ» በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በማስታወቂያ ሰሌዳ ዘወትር የሚነበብ ቃል ነው። ነገር ግን ከወዴት እንደ መጣና ምን ቁም ነገር እንደ ያዘ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። የቃልን ምንጭ ማወቅ በቃሉ የሚሠራውን ሥራ ለማቃናት ይረዳልና፣ ስለዚሁ ጥቂት እንገልጻለን።

«መለመለ» አስቀድሞ የገበሬና የእንጨት ቈራጭ ቃል ነው። ባሕር ዛፍ ቈርጦ ለቤት መሥሪያ የሚያሰናዳ ሰው ቅጠሉንና ቅርንጫፉን ያራግፋል፤ ይህም መመልመል ይባላል። ከዚያም ትርጉሙ ሰፍቶ፣ ከብዙ ሰው መካከል ለአንድ ሥራ የሚበቃውን መለየት «ምልመላ»፣ ለዪው «መልማይ»፣ ተለይቶ ገና ያልሠለጠነው «ምልምል» ተባለ። በፈረንሳይኛ አዲስ ገቢውን ወታደር የሚያመለክተው «ረክሩ» የተባለው ቃል ደግሞ መነሻው እንደገና ማደግ ነው። እነርሱ ነገሩን በአዲስ ቡቃያ ሲመስሉት፣ እኛ በሚገረዘው እንጨት መሰልነው። እንጨትን ሳያዩትና በእጅ ሳይዙት መመልመል አይቻልም፤ የቃሉም ቁም ነገር በዚህ ላይ ነው።

ምልመላን ከሌሎች ሁለት ቃላት መለየት ይገባል። አንደኛው «ክተት» ነው። ይህም «ከተተ» ማለትም ሰበሰበ፣ አስገባ ከሚለው የወጣ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዓድዋ ዘመቻ ያስነገሩት አዋጅ ክተት ነበር፤ አገር በተነካ ጊዜ የቻለ ሁሉ እንዲወጣ የሚጠራበት እንጂ አንድ በአንድ የሚመረጥበት አይደለም።

ምልመላ ግን መደበኛ ጦር ከመቋቋሙ ጋር አብሮ የጠነከረ ነው። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት ወጣቶች ተመርጠው ገቡ። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜም በስደት ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል የተመረጡት በካርቱም አጠገብ በምትገኘው በሶባ የመኮንንነት ትምህርት ተሰጣቸው። ከእነዚህም አንዱ፣ ቀድሞ የሆለታ ተማሪ የነበሩትና በኋላ ጄኔራል የሆኑት ሙሉጌታ ቡሊ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ከክቡር ዘበኛ የተመረጠ ጦር ነበር።

ሁለተኛው ቃል «አፈሳ» ነው። እህል በእፍኝ ይታፈሳል፤ የሚያፍስ ሰው ፍሬውን ከገለባው አይለይም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ወጣቶች ከመንገድና ከገበያ እየተያዙ ወደ ማሠልጠኛ በተወሰዱ ጊዜ፣ ጽሕፈት ቤቱ ነገሩን ምልመላ ቢለውም ሕዝቡ «አፈሳ» አለው። ልጁን ዕቃ ግዛ ብላ ልካ እስኪመለስ በር ላይ የቆመች እናት በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም።

ዛሬ «ምልመላ» ከጦር ሠፈር ወጥቶ ለፖሊስ፣ ለስፖርት ቡድን፣ ለማኅበርና ለፓርቲ አባላትም ይነገራል። ስለዚህ ሥራው የተሰጠው ሹም ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይገባዋል። መመዘኛውን አስቀድሞ ለሕዝብ ያስታውቅ፤ ተመልማዩን በስምና በፊት ይወቅ፣ ፈቃዱንም ይጠይቅ፤ ያልተመረጠውም ምክንያቱን እንዲሰማ ያድርግ። የተጠየቀበትን ቍጥር ለመሙላት ብቻ ያገኘውን ሰው የሚመዘግብ ግን፣ በደብዳቤው ራስጌ «ምልመላ» ብሎ ቢጽፍም፣ የሠራው አፈሳ ነው።

ነዋሪውም በበኩሉ ልጁ ወይም ወንድሙ ተመለመለ ሲባል፣ በምን ተመዝኖና በማን ታይቶ እንደ ሆነ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቈጠርበት አይገባም። ጥያቄው በቃሉ ውስጥ ያለ ነውና።